በልብስና በቆብ ላይ ምልክት እንዴት ይጠለፋል?

ገበያ ላይ አሥር ሰው ጋቢ ይዞ ቆሟል እንበል። ሁሉም ጋቢ ነጭ ነው። ሁሉም ሻጭ «የእኔ ጥብቅ ነው፣ ቶሎ አይሳሳም» ይላል። ገዢው የማንን ሥራ ከማን ይለያል? አምና ጥሩ ጋቢ የሸጠለትን ሰው ቢፈልግ እንኳ በምን ያገኘዋል?

ለከብት ይህ ችግር የለም። በሬያችሁን ጆሮው ላይ በበጣችሁት ወይም ጭኑ ላይ በተኮሳችሁት ምልክት ታውቁታላችሁ። ልብስም ምልክት ይፈልጋል። የልብስ መተኮስ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ ለልብስ የሚበጀው ጥልፍ ነው።

ጥልፍ ማለት ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌና በክር ቅርጽ ወይም ጽሑፍ ማውጣት ነው። ከጥለት ጋር አታምታቱት። ጥለትን ሸማኔው ጨርቁን ሲሠራ አብሮ ያስገባዋል። ጥልፍ ግን ከሽመና በኋላ ስለሚመጣ፣ ላዘዘው ሰው ወይም ማኅበር ስሙን ለይቶ መጻፍ ይቻላል።

በፈረንሳይ አገር ረኔ ላኮስት የሚባል የቴኒስ ተጫዋች ነበረ። ቅጽል ስሙ «አዞ» ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ከአንድ የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ጋር ሆኖ በግራ ደረቱ ላይ ትንሽ አዞ ያለበት ሸሚዝ መሸጥ ጀመረ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አዞውን አይቶ ሸሚዙን ያውቀዋል። እናንተም አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ቀንበር፣ በሬ፣ የጤፍ ነዶና ጎጆ አንድ ቆብ ላይ ካጨቃችሁ፣ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው እድፍ ይመስላል።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊደል የሚለያየው በትንሽ ጭረት ነው። «በ» እና «ቡ»ን ተመልከቱ፤ ልዩነታቸው በቀኝ ጎን ያለችው ጭረት ብቻ ናት። እኔ መጀመሪያ በቆብ ላይ «ቡና» ብዬ ስጠልፍ ፊደሉን አሳነስኩት። ክሩ ወፍራም ስለነበር ጭረቷ ከፊደሉ እግር ጋር ተዋጠች። ቆቡን የተረከቡት አባት ማንበብ ከጀመሩ ገና ወራቸው ነበር። ጣታቸውን በክሩ ላይ እያስኬዱ «በ... ና...» አሉና ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሄ እኮ በና ነው የሚለው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። አሥራ ሁለት ቆብ ፈታሁ። ጥልፍ ሲፈታ ደግሞ የመርፌው ቀዳዳ ስለሚቀር ሁለቱ ቆቦች ከጥቅም ውጭ ሆኑ።

ስለዚህ ፊደሉ ከአውራ ጣት ስፋት አይነስ። ቃሉም አጭር ይሁን። መጀመሪያ በወረቀት ጻፉት፤ ከዚያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ስጡና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

ጨርቁ የጥጥ ከሆነ ከመጥለፋችሁ በፊት እጠቡት። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተጠለፈ በኋላ ጨርቁ ሲሰበሰብ ክሩ ስለማይከተለው ዙሪያው ይጨማደዳል። ክሩንም ፈትኑት፤ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ እሹት። ቀለሙ ከለቀቀ፣ በተለይ ቀይ ከሆነ፣ ለነጭ ጋቢ አይሆንም።

ከጨርቁ ሥር ሌላ ጠንካራ ስስ ጨርቅ ደርቡ፤ ጥልፉን ይሸከመዋል። ከዚያ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚገባ ሁለት የእንጨት ቀለበት ወጥሩት። ለፊደል መርፌውን አንድ ስፌት ወደ ፊት አውጡና ወደ ኋላ መልሳችሁ ክተቱት፤ መስመሩ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ቅርጽ ለመሙላት ክሩን ከዳር እስከ ዳር አጠጋግታችሁ አስተኙት። ቅርጹ ሰፊ ከሆነ ግን ከፋፍላችሁ ሙሉት። ረጅም ክር በእሾህ ይያዛል፤ እርሻ ውስጥ ደግሞ እሾህ አይጠፋም።

ቆብ ከሆነ የፊቱን ጨርቅ ሳይገጣጠም ጥለፉ። ተሰፍቶ ያለቀ ቆብ ክብ ስለሆነ በቀለበት አይወጠርም። ያለቀ ቆብ ከመጣላችሁ በቁራጭ ጨርቅ ጠልፋችሁ ብትለጥፉበት ይሻላል።

ብዙ ከሆነ በከተማ በኮምፒዩተር የሚሠራ የጥልፍ መኪና አለ። መርፌው የት የት እንደሚወርድ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ይዘጋጃል። ዝግጅቱ ለአንድም ቆብ ለመቶም ቆብ አንድ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቆብ ይወደዳል፤ ለመቶ ግን ይረክሳል። የዝግጅቱን ዋጋ ለብቻ ጠይቁ። ሁሉም ከመሠራቱ በፊት አንድ ናሙና ተቀበሉና ፊደሉን ቁጠሩ።

ምልክታችሁ ገበያ ከለመደ በኋላ ሌላው እንዳይወስደው ማስመዝገብ ይቻላል። ለዚህ የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በዚህ አዋጅ ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ሲያልቅም ይታደሳል። ከሌላ ሰው የተመዘገበ ምልክት ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ግን አይመዘገብላችሁም። አዞውን ተዉት፤ ባለቤት አለው።