ከሻርክ ጨጓራ የተገኘው ውሕድ ለዓይን ሕክምና የሰጠው ተስፋና ያበቃበት መንገድ

ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማየት ችግር ሁሉ የዓይን ሞራ አይደለም። ሞራ በቀዶ ሕክምና ሲወገድ ብርሃን ይመለሳል፤ ማኩላ በተባለችው የሬቲና ማዕከላዊ ክፍል ላይ የሚደርስ ጉዳት ግን በአብዛኛው አይታደስም። ለማንበብና ፊትን ለመለየት የምታገለግለው ይህች ጠባብ ስፍራ ስትጎዳ፣ ታማሚው የጎረቤቱን ትከሻ እያየ ፊቱን መለየት ይሳነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ወደ 196 ሚሊዮን ይጠጋል።

ከሕመሙ ሁለት ዓይነቶች አንዱ «እርጥብ» ይባላል። በሬቲና ሥር ደካማ የደም ሥሮች ይበቅሉና ደምና ፈሳሽ ያሾልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የተፈቀደው ራኒቢዙማብ የደም ሥሮቹን እድገት የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን በመግታት ለብዙዎች ብርሃናቸውን አቆይቷል። ነገር ግን የሚሰጠው ዓይን ውስጥ በሚገባ መርፌ ነው፤ ያውም በየወሩ ወይም በየጥቂት ወሩ፣ ለዓመታት። መርፌውን የሚያስቀር ወይም የሚያግዝ ጠብታ የሐኪሞችም የታማሚዎችም ምኞት የሆነው ለዚህ ነው።

ምኞቱን ያጠናከረው ከባሕር የተገኘ ውሕድ ነበር። ቀደም ሲል ከእንቁራሪት ቆዳ ተሕዋስያን ገዳይ ውሕዶችን ያገኙት አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ዛስሎፍና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ከአንድ አነስተኛ የሻርክ ዝርያ ጨጓራ ስኳላሚን የተባለውን ውሕድ ለዩ። መጀመሪያ ትኩረት የሳበው ባክቴሪያን በመግደሉ ነበር፤ ኋላ ግን አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ እንደሚያግድ ታወቀ። ውሕዱን በቤተ ሙከራ መሥራት ስለተቻለም ሻርክ ማጥመድ አላስፈለገም።

ስኳላሚን በመጀመሪያ በደም ሥር፣ ከዚያም በዓይን ጠብታ መልክ በሰዎች ላይ ተሞከረ። የጠብታው ሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ዋና ግብ የመርፌውን ቁጥር መቀነስ ነበር፤ ይህም አልተሳካም። ይሁን እንጂ ከተሳታፊዎቹ መካከል በከፊሎቹ ላይ የእይታ መሻሻል በመታየቱ አልሚው ኩባንያ ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ገፋ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ውጤት ከታወቀ በኋላ ታማሚዎችን በየምድቡ እየከፋፈለ የሚፈልግ ሰው፣ በአጋጣሚ ብቻ የተሻለ የሚመስል ቡድን ማግኘቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2018 እውነቱ ወጣ። ከመርፌው ጋር የስኳላሚን ጠብታ የተሰጣቸው ታማሚዎች በፊደል ገበታ ላይ በአማካይ ወደ 8 ተጨማሪ ፊደላት ማንበብ ሲችሉ፣ ከመርፌው ጋር መድኃኒት አልባ ጠብታ የተሰጣቸው ከ10 በላይ ጨመሩ። ጠብታው ምንም አልረዳም።

ከባሕር የተገኘ ሌላው ተስፋ የዓሣ ዘይት ነበር። በአሜሪካ ከ4,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ግን፣ ኦሜጋ-3 ወደ ቫይታሚንና ዚንክ ቅመራው መጨመሩ ሕመሙ እንዳይባባስ ተጨማሪ ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። ቅመራው ራሱ መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሱ ታማሚዎች ይጠቅማል፤ በዘልማድ ለሁሉም የሚወሰድ ግን አይደለም። ከሁሉ በላይ ማድረግ የሚቻለው ሲጋራ ማቆም ነው።

የበር መቃን ወይም የመጽሐፍ መስመር በድንገት ተጣሞ የታየው ሰው ሳይውል ሳያድር የዓይን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ እርጥቡ ዓይነት በመርፌ የሚገታው ጠባሳ ሳይጥል ሲደረስበት ነውና።