ስለ ማረጋገጫ ቁጥርና ስለ መታለፉ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐሙሲት የሚሠራ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ሶፍትዌር ሊጭን ተነሣ እንበል። መጫኛው «የማረጋገጫው ቁጥር አልተስማማም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። ሠራተኛው ቸኩሏልና «ምርመራው ይቅር፤ ቀጥል» የሚል ትእዛዝ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሊኖር ይገባልን?

የማረጋገጫ ቁጥር ማለት ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አጭር ምልክት ነው። ሻ-256 የተባለው ስሌት ፋይሉ ቢያንስም ቢበዛም 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉበትን ምልክት ይሰጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ምልክቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ነገሩ የንብረት ክፍልን ሥርዓት ይመስላል፤ የግምጃ ቤት ኃላፊ ዕቃውን ከሰነዱ ጋራ ሳያመሳክር ሞዴል 19 ሊቆርጥ አይገባውምና።

የቁጥሩ አለመስማማት ሁልጊዜ ተንኮልን አያመለክትም። መስመሩ ተቋርጦ ፋይሉ ጎድሎ ደርሶ ይሆናል፤ ወይም አዘጋጁ ፋይሉን አድሶ ቁጥሩን ሳያድስ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህም በአርች ሊኑክስ ጥቅል የሚዘጋጅበት ሜክፒኬጂ ምርመራውን የሚያሳልፍ ትእዛዝ አለው፤ ጥቅሉን ለሚያርም ባለሙያ ይጠቅመዋልና።

ይሁን እንጂ ተንኮልም አለ። በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው፣ ስውር መግቢያ የተበጀበትን ቅጂ በእውነተኛው ፋንታ ለሕዝብ አቀረቡ። ቅጂውን ከትክክለኛው ቁጥር ጋራ ያመሳከረ ሰው ልዩነቱን ያይ ነበር። ቁጥሩና ፋይሉ ከአንድ ገጽ ከመጡ ግን ፋይሉን የለወጠ እጅ ቁጥሩንም ሊለውጥ ይችላልና፣ ቁጥሩን በሌላ መንገድ ማግኘት ወይም የአዘጋጁን ዲጂታል ፊርማ መመርመር ይበልጣል።

እንግዲህ የማሳለፊያው ትእዛዝ ፈጽሞ ይጥፋ አንልም፤ ቢጠፋ ቸኳዩ ሌላ የባሰ መንገድ ይፈልጋልና። ነገር ግን ለአንድ ጥቅል፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ አደጋውን በግልጽ ይናገር፤ የተጠቀመበትም ሰው በመዝገብ ይታወቅ።

ተጠቃሚውም አስቀድሞ ፋይሉን አጥፍቶ እንደገና ያውርድ። ሁለቱ ቅጂዎች የተለያየ ቁጥር ከሰጡ ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጡና ከተጻፈው ካልተስማሙ ግን ፋይሉ ከምንጩ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና፣ አዘጋጁን ሳይጠይቅ አይለፍ።

በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ የብዙ ሰው ደመወዝና መዝገብ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት አይክበደን።