ለአሮጌው ላንድክሩዘር ቱርቦ ይጨመርለት?

ከአዳማ ወደ አሰላ የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ላንድክሩዘር ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያቃስታል። አዳማ 1 ሺሕ 700 ሜትር ገደማ፣ አሰላ ደግሞ 2 ሺሕ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። አሰላ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አንፃር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ ይህን ጉድለት ይሞላል።

መኪናው እንጀራው የሆነ አንድ ወዳጄ ሊያስጨምር አዳማ ጋራዥ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ‹‹ጋሼ፣ ናፍጣውንም ከፍ እናደርግለታለን፤ ይበራል!›› አለው መካኒኩ።

መብረሩስ ይበራል። ግን ‹‹ዋን ኤች ዜድ›› የሚባለው ይህ ሞተር የመጭመቅ መጠኑ ከ22 ለ 1 በላይ ነው፤ ቶዮታ ራሱ ቱርቦ የገጠመለት ‹‹ዋን ኤች ዲ ቲ›› ግን 18.6 ለ 1 ነው። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። አየር ብቻ ቢጨመር ጭሱ ይቀንሳል፤ ሞተሩን የሚያነደው ከልክ ያለፈ ናፍጣ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ፒስተን ይቀልጣል፣ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ያኔ ቤተሰቡ ምን ይበላል?

ወዳጄ ተከራክሮ ተስማማ፦ ግፊቱ ከግማሽ ባር አያልፍም፤ የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ናፍጣው አይነካም። መለኪያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው እያቃሰተ አሰላ ይመላለሳል።