የጻፈ ይቀድማል ወይስ የያዘ? በአሜሪካ ስቴቶች በአንድ መኪና ላይ የሚነሣ የመያዣ ክርክር

በአንዲት መኪና ላይ ያበደረው ባንክ፣ የጠገናት ጋራዥና አዲሱ ገዢ እኩል «የእኔ ይቀድማል» ብለው ሊነሡ ይችላሉ። በአሜሪካ ይህን ክርክር በዋናነት የሚዳኘው የየስቴቱ ሕግ ነው። መሠረቱ ግን ሁሉም ስቴቶች የተቀበሉት ወጥ የንግድ ሕግ ዘጠነኛ ክፍል ሲሆን፣ ተሻሽሎ በአብዛኞቹ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ዋናው መመዘኛ ጽሑፍ ነው። አበዳሪው መያዣውን የሚያጸናው ስሙን በመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ በታይትሉ ላይ በማስመዝገብ ነው። ውል ተፈርሞ ገንዘብ ቢከፈልም ስሙ ካልሰፈረ፣ ተበዳሪው ሲከስር የኪሳራው ባለአደራ መያዣውን ሊያስሽርበት ይችላል። ከ30 ቀን በላይ ዘግይቶ ያስመዘገበም፣ ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ ኪሳራ ከተከተለው አደጋ ላይ ነው።

ደብተሩን ማን ይይዛል? እዚህ ላይ ስቴቶች ይለያያሉ። በቨርጂኒያ ዕዳው እስኪከፈል በአበዳሪው እጅ ይቆያል፤ በኒውዮርክ ግን ዕዳ ቢኖርም ለባለቤቱ ይላካል። ስለዚህ ኒውዮርክ ውስጥ ሻጩ ታይትል ስላሳየ ብቻ መኪናዋ ከዕዳና እገዳ ነፃ ናት ማለት አይደለም።

ከነጋዴ ግቢ የገዛ ሰው ሥጋቱ ቀለል ይላል፤ ነጋዴው ለክምችቱ የተበደረበት ባንክ መያዣ በደንቡ የገዛውን ደንበኛ አይከተለውም።

የጽሑፍን ሥልጣን የሚሰብረው ጋራዡ ነው። ጠግኖ ሒሳቡ ያልተከፈለው መካኒክ መኪናዋን ይዞ የማቆየት መብት አለው፤ የስቴቱ ሕግ በግልጽ ካልከለከለ በቀር ቀድሞ ከተመዘገበው ባንክ እንኳ ይቀድማል። ድካሙ የመኪናዋን ዋጋ ስለሚጨምር ይህ ተገቢ ነው እላለሁ። ግን መብቱ በእጁ እስካለች ድረስ ነው፤ ቁልፉን አስረክቦ በዱቤ የሸኛት መካኒክ ቀዳሚነቱን አብሮ ሸኝቷል። ባንኩም እንዳይጎዳ ካሊፎርኒያ ገደብ አበጅታለች፤ አስቀድሞ የባንኩ የጽሑፍ ፈቃድ ካልተገኘ ከ1,500 ዶላር በላይ የሆነው የጥገና ሒሳብ በመያዣ አይጠበቅም። ለሁለቱም ወገን የሚበጀው እንዲህ ያለው ሕግ ይመስለኛል።

መኪናዋ ስቴት ስትቀይር ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። አዲሱ ስቴት በስሕተት ዕዳው ያልተጻፈበት ንጹሕ ታይትል ከሰጠ፣ ነገሩን ሳያውቅ ዋጋ ከፍሎ የተረከበ ተራ ገዢ ይጠበቃል፤ መኪና ነጋዴ ግን ይህ ጥበቃ የለውም።

በዋሽንግተን ዙሪያ በታክሲና በኡበር የምትተዳደሩ ወገኖች፣ ያገለገለ መኪና ከግለሰብ ስትገዙ ታይትሉን አንብቡ፤ መኪናዋም ጋራዥ ውስጥ ተይዛ እንደሆነ ጠይቁ። የአበዳሪውን የዕዳ መልቀቂያ ደብዳቤ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።