አልጌ፦ የወንዛችን ዝምተኛ ምስክር

ውኃ በቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀት፣ የጠበልና የዕለት ኑሮ በረከት ነው። ይሁን እንጂ ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች በውኃ ሲሟሙ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይታዩም፤ በማፍላትም አይወገዱም። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚወርደውን የአቃቂን ወንዝ እንመልከት። ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይቀበላል፤ ምእመናን ግን በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ በመስኖ ያለማሉ። ፍሳሹ ሌሊት ተለቅቆ ናሙናው ረፋድ ላይ ቢቀዳ፣ የተቀዳው ውኃ ያለፈውን ላያሳይ ይችላል።

በድንጋይ ላይ ተለጥፎ እንደ አረንጓዴ ክር የሚወዛወዘው አልጌ ግን ከስፍራው አይንቀሳቀስም። ምግቡን የሚወስደው በመላ አካሉ ከውኃው ነው፤ የሕዋሱ ግድግዳም የሟሙትን ብረቶች ስቦ ይይዛል። ስለዚህ በውስጡ የሚከማቸው ብረት በውኃው ካለው በሺህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ የቀናትና የሳምንታትንም ታሪክ ይነግረናል። ዳያተም የተባሉት ረቂቃን አልጌዎች ደግሞ ብረት ሲበዛባቸው መስተዋት መሰል ቅርፊታቸው ሊጣመም ይችላል።

ሰበካ ጉባኤያት ከአካባቢው የውኃ ባለሙያ ጋር ሆነው ይህን ማድረግ ይችላሉ፦ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት አልጌ ፍሳሹ ከሚገባበት በላይና በታች መሰብሰብ፤ ጓንት ማድረግ፤ በዚያው ወንዝ ውኃ አጥቦ አሸዋውን ማስለቀቅ፤ በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ፤ በቅዝቃዜ ጠብቆ ወደ ላቦራቶሪ መላክ። የታችኛው ከላይኛው እጅግ ከበለጠ ምንጩን ለሚመለከተው አካል በማስረጃ ማመልከት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን እናሳስባለን። የአልጌ መብዛት ወይም መጥፋት ብቻውን የብረት ምልክት አይደለም፤ ማዳበሪያና የመጸዳጃ ፍሳሽም አልጌን ያበዛሉ። ውኃው ለመጠጥ መብቃቱም የሚወሰነው ራሱ ውኃው ሲመረመር ነው። ይህን ማድረጋችን የጠበልን በረከት መጠራጠር አይደለም፤ በአደራ የተሰጠንን ምንጭ መጠበቅ እንጂ።