መሬት ከተከፋፈለ በኋላስ?

የአንድ መሠረታዊ ለውጥ ክብደት የሚለካው በአዋጁ ቃላት ሳይሆን በሠሪው ሕዝብ ኑሮ ላይ ባስከተለው ተጨባጭ ውጤት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅም ልንመዝነው የሚገባን በዚሁ ሚዛን ነው።

አዋጁ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኛውን ከባላባቱ ጫንቃ አላቀቀ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥን፣ ማከራየትንና በዋስትና ማስያዝን ከለከለ። ድልድሉንም ለገበሬ ማኅበራት ሰጠ።

ውጤቱን ገበሬው ማሳ ድረስ ወርደው ከመረመሩት ምሁራን አንዱ አቶ ደሳለኝ ራህመቶ ናቸው። በገጠር ወረዳዎች ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 በስዊድን ኡፕሳላ በመጽሐፍ ታትሟል። ከጥናቱ የምንማረው ሐቅ ሁለት ገጽታ አለው።

አንደኛው ገጽታ የድል ነው። የባላባቱ ሥልጣን ከሥሩ ተነቅሏል። በተለይ ጭሰኝነት በተንሰራፋበት በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ እርቦና ሲሶ ሲገብር የኖረው አራሽ የምርቱ ባለቤት ሆኗል። ርስት በትውልድ ሐረግ ይከፋፈል በነበረበት በሰሜኑ ግን ለውጡ ያንኑ ያህል ጥልቀት አልነበረውም።

ሁለተኛው ገጽታ የችግር ነው። መሬት በቤተሰብ ቁጥር ተደለደለ፤ በሬ ግን አብሮ አልተደለደለም። ጥማድ የሌለው ገበሬ መሬት እያለው የባለበሬውን እጅ ማየቱ አልቀረም። ከዚህም በላይ፣ በየዓመቱ አዲስ ጎጆ ይወጣል፤ ትርፍ መሬት ግን የለም። ስለዚህ ለአዲሱ የሚሰጠው ከነባሩ ተቆርሶ ነው። እኩልነት ተጠበቀ፤ ነገር ግን ማሳው እየጠበበ የሚሄድ እኩልነት ሆነ።

በየጊዜው የመለኪያ ገመድ የሚጠባበቅ ገበሬ እርከን ለመሥራት፣ ዛፍ ለመትከል ያመነታል። ነገ ለማን እንደሚደርስ በማያውቀው ማሳ ላይ ላቡን ለምን ያፈስሳል? ገመዱም በ1967 ብቻ አላበቃም፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ዳግመኛ ተዘርግቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን በሕግ መደንገጉ የዚህን ሥጋት ክብደት ያስረዳል። ደብተሩ ሥጋትን ያቃልላል፤ መሬት የሌለውን ወጣት ጥያቄ ግን ብቻውን አይመልስም።

እኛ በየሰፈሩ በማኅበር የተሰባሰብን ነዋሪዎችና ሠራተኞች ይህን የገጠር ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። የእንጀራችን ዋጋ የሚጀምረው ከዚያች ጠባብ ማሳ ነው። ከጥናቱ የምንቀስመው ትምህርትም ግልጽ ነው፦ መሬትን ማካፈል ፍትሕ ነው፤ ያካፈሉትን መሬት ማጽናት ደግሞ የፍትሑ ግማሽ ነው። ይህ ግማሽ በጽሕፈት ቤት ብቻ አይገኝም፤ ማሳው ድረስ ወርዶ ሠሪውን መጠየቅን ይሻል!