የመንገድ ዳር ጭስና ጤናችን

ከአውቶቡስ ተራ ወደ አንዋር መስጊድ በእግር ሲሄዱ ጉሮሮዎን የሚከረክረው አቧራ ብቻ አይደለም። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጡ፣ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ የሚያንሱ ብናኞች ሳንባን አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ አስምን ያባብሳሉ፣ ልብን ይጎዳሉ። በሻሽ ወይም በነጠላ አፍንጫን መሸፈን አቧራውን ቢቀንስ እንጂ እነዚህን አያስቀርም።

የሰፈሩ አሠራርም ድርሻ አለው። ግራና ቀኙን ፎቅ ያጠረው ጠባብ መንገድ ንፋስ ስለማያገኝ ጭሱ እዚያው ታፍኖ ይቆያል። ከዋናው መንገድ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲርቁ ግን መጠኑ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ልጅ ይዘው ሲወጡ፣ ትንሽ ቢያስረዝምም፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሂዱ፤ የልጅ አፍንጫ ለመኪናው ጭስ ማውጫ ከእርስዎ ይልቅ ይቀርባልና። ቤትዎ መንገድ ዳር ከሆነ መኪና በሚበዛበት ሰዓት የፊቱን መስኮት ዘግተው የጓሮውን ይክፈቱ።